በውሰት የመጣችው ሰባት ቁጥር

ሀይሌ ጋርመንት፣ ነሐሴ 26 ቀን 2017

ሩቲ፣

ነገሩ የተበላሸው ከእረፍት መልስ ነው፤ ሰባት ቁጥር ሁለት ተከላካይ አልፋ በግራ እግሯ ስታገባ ጋሽ ተካ ከወንበራቸው ተነስተው ያጨበጨቡ ጊዜ። ወንበራቸው ከእኔ ግብ ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ ስር ስለነበረ የሚሉትን ሁሉ እሰማለሁ። «ይቺ ልጅ ቡድኑን ተሸክማዋለች» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ያቺ በረኛ ግን ትውጣልን፤ ኳስ ሲመጣ ዓይኗን ትጨፍናለች» አሉ። ኮች ፊሊጶስ አጠገባቸው ቆሟል። ሰባት ቁጥር የኛ ልጅ እንዳልሆነች፣ ያን ዕለት ጠዋት ከተጋጣሚያችን ከአለም ገና ልጆች በውሰት እንደተሰጠችን ያውቃል። በረኛዋም በረኛ እንዳልሆነች፣ ሦስት ዓመት መሀል ሜዳ ላይ የተጫወተች የቡድኑ አምበል መሆኗን ያውቃል። «እሺ ጋሼ» ብቻ አለ።

ሰላምታ ሳላስቀድም ዘው ብዬ ስለገባሁብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? እናትሽ እንዴት ናቸው? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። አባቴ ሱቁ ውስጥ መጋረጃ ይለካል፣ እናቴ ስለ ሰርግ ታወራለች፤ የማን ሰርግ እንደሆነ ግን እስካሁን አልነገረችኝም።

አጎቴ ጀማሉዲን ጥያቄሽን በቃል አድርሶልኛል። «ስንት ለስንት?» ብቻ ነው ያልሽው አሉ። አምስት ለአንድ። አንዷንም ያገባችው ተበድረን ያመጣናት ልጅ ናት፤ ያውም በገዛ ቡድኗ ላይ። «እንዴት?» ብለሽ ብትጠይቂኝ ይሻል ነበር። ሁለቱን ልጆች ትልቅ ክለብ ወሰዳቸው። ዙሌካ አገባች። አንቺ ጉልበትሽን ይዘሽ አገርሽ ገባሽ። ሌሎቹ አንድ ሰሞን ይመጣሉ፣ አንድ ሰሞን ይጠፋሉ። የቀረነው ዘጠኝ ነን፣ በረኛ የለንም። በዝግጅት ጨዋታ ላይ ሰው የጎደለበት ቡድን ከተጋጣሚው መዋሱ ለኛም ለእነሱም አዲስ አይደለም፤ የተዋስናት ልጅ የኛን ማሊያ ትለብሳለች፣ ዘጠና ደቂቃ ትሮጥልናለች፣ ሲያልቅ ማሊያውን አውልቃ ከቡድኗ ጋር ትሳፈራለች። ሁላችንም የምናውቀው ወግ ነው። የማያውቁት ሜዳ ረግጠው የማያውቁት ጋሽ ተካ ብቻ ናቸው። የክለቡ ሰብሳቢ ከሆኑ ወዲህ ስንጫወት ሲያዩን ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ያደረግሁት ያንቺን ጓንት ነው። ይሰፋኛል። ዓይኔንም እውነት ነው፣ ጨፍኛለሁ።

ለልጆቹ ሩቲ ከመስቀል በኋላ ትመጣለች ብዬአቸዋለሁ። እንዳልዋሸሁ ጻፊልኝ። ወረቀት የምጨርሰው ስልክ ስለማታነሺ ነው፤ አጎቴ በየሳምንቱ አይሱዙውን ወደ አንቺ አገር ባይነዳ ኖሮ ምን እሆን ነበር?

መርዋ


ሆሳዕና፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017

ውድ እህቴ መርዋ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። እማዬ ሰላም ብላሻለች፤ ሳሚልኝ ብላለች። እዚህ ዝናቡ ገና አላባራም፣ ግቢያችን በሙሉ ጭቃ ሆኗል። ስልኬ ባትሪ አልይዝ እያለ ነው እንጂ አንቺን ለመሸሽ አይደለም፤ እንደዚያ እንዳታስቢ።

ጓንቱን በሞቀ ውሃ እንዳታጥቢው፣ ፀሐይ ላይም እንዳታሰጪው፤ ጥላ ላይ ይድረቅ። ከጨዋታ በፊት መዳፉ ላይ እንትፍ በይበት፤ አስጠሊታ ነው ግን ኳሱን ይይዛል። ዓይንሽን የምትጨፍኚው ኳሱን ስለምትጠብቂ ነው። ኳሱን ተዪው፤ የምትመታውን ልጅ ወገብ እዪ። ወገቧ የዞረበት ነው የምትመታው። ይህንን ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሳያስተምረኝ በራሴ ነው ያገኘሁት፣ አሁን በነጻ ሰጠሁሽ።

ጉልበቴ ደህና ነው። ስለሱ አትጨነቂ። ጌታ ከፈቀደ ከመስቀል በኋላ እንተያያለን።

በጋሽ ተካ ነገር ሳቅሁ፣ ከዚያ አዘንኩ። ኮች ምን አለሽ? የሚነግራቸው ይመስልሻል?

እህትሽ ሩቲ


ሀይሌ ጋርመንት፣ መስከረም 7 ቀን 2018

ሩቲዬ፣

እንኳን አደረሰሽ። ለእናትሽ ከሱቃችን ቁራጭ የመጋረጃ ጨርቅ ልኬላቸዋለሁ፤ ለበዓሉ መስኮታቸው ላይ ይስቀሉት። አጎቴን «መርዋ ለመሆኑ እህል ትበላለች?» ብለሽ ጠይቀሽዋል አሉ። እበላለሁ። እንቅልፍ ነው እምቢ ያለኝ።

ኮች ምን አለሽ ላልሽው፤ ከልምምድ በኋላ ከሜዳው እስከ ታክሲ ተራው ድረስ ቦርሳዬን ተሸክሞ ሸኘኝ። ቦርሳዬን ይዞልኝ አያውቅም፤ የፈራሁት ያኔ ነው። ለኮሚቴው ሃያ ልጆች አሉን ብሎ መናገሩን ነገረኝ። ዘጠኝ ናቸው ከተባለ ጋሽ ተካ ሰበብ ያገኛሉ፤ ሴቶቹን በትነው ሜዳውንም ልብሱንም ለወንዶቹ ለመስጠት ካሰቡ ቆይተዋል አለ። አንድ ወር ስጪኝ፣ ያቺን ሰባት ቁጥር የእውነት አስፈርሜ አመጣታለሁ፣ የሌሎቹንም ጉድለት እሞላለሁ፣ እስከዚያ አደራ፣ አንቺ ዝም ካልሽ ሌሎቹም ዝም ይላሉ አለኝ። መጨረሻ ላይ አንድ አባባል ጨመረልኝ፤ ራሱ የፈጠረው ይመስለኛል። ስለሚያናድደኝ አልጽፈውም።

እሺ አልኩት ሩቲ። ከልጆቹ መካከል ማሚቴን አስቢያት። ከፉሪ በእግሯ ነው የምትመጣው፤ በዚህ ቡድን ምክንያት ነው ቤተሰቦቿ እስካሁን ያልዳሯት። ቡድኑ የለም ከተባለች በነጋታው ሽማግሌ ይገባል። እሷን አስቤ ነው ዝም ያልኩት።

ከዚያ ኮሚቴው ጠራኝ። ጋሽ ተካ ሻይ አዘዙልኝ። አንቺ የተማርሽ ልጅ ነሽ አሉ፤ በስፖርት ሳይንስ ዲግሪ ያላት ልጅ ጭቃ ላይ መንከባለል አይገባትም፤ ጽሕፈት ቤት ግቢልን፣ ሜዳውን ለልጆቹ ተይላቸው። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት ከሜዳ ለመውጣት ይመስል። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው ጋሽ ተካ፣ ከልጆቹ አንዷ ነኝ አልኳቸው። ሳቁ። ኮች ጣራ ጣራውን ያያል። በማግስቱ ልጆቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት የአምበልነቱን ጨርቅ ከክንዴ ፈታው። ለማን እንደሚያስረው ታውቂያለሽ? ለሰባት ቁጥር። እሷ ደግሞ የለችም። ስለዚህ ኪሱ ከተተው።

ገና አልጨረስኩም። በሜዳው አጥር ላይ ባነር ተሰቅሏል፤ «አዲስ ዘመን፣ አዲስ አምበል» ይላል፣ ያን ዕለት የተነሳችው ፎቶ አለበት። በስሟ ቦታ «ሰባት ቁጥር» ተብሏል፤ ስሟን የሚያውቅ ሰው ከኮሚቴው መካከል አልተገኘም። ከብስራተ ገብርኤል ልጆች ጋር ስንጫወት ጋሽ ተካ «ልጅቷ የት ናት?» ብለው በስልክ ጠየቁ፤ ኮች «ጉዳት ላይ ናት ጋሼ» አላቸው። ለጤናዋ ወተትና እንቁላል ላኩላት። ወተቱን ማሚቴ ጠጣችውና አፏን ጠርጋ «ለሕመምተኛዋ ጸልዩላት» አለች። ሦስት ለባዶ ተሸንፈን እንደዚያ ቀን ስቀን አናውቅም።

የምትመታውን ልጅ ወገብ አየሁ። አንዱን አዳንኩ።

አጎቴን ስላንቺ ስጠይቀው «ደህና ናት» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። አጎቴ ጉሮሮውን የሚጠርገው ትራፊክ ሲያስቆመው ነው። ምን አይቶ ነው?

መርዋ


ሆሳዕና፣ መስከረም 13 ቀን 2018

ውድ መርዋ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እማዬ መጋረጃውን ሰቅላዋለች፣ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ይነካዋል። ለበዓል ዝግጅት ላይ ነን፤ ግድግዳው እየተለቀለቀ ነው፣ አባዬ የቅርጫውን በሬ አስር ጊዜ ሄዶ አይቶታል። እንግዳ ስለሚበዛ ከመስቀል በኋላ ያልኩሽ ምናልባት ጥቂት ሊዘገይ ይችላል። ቅር አይበልሽ።

አጎትሽ ጉንፋን ይዞት ይሆናል። ምንም ያየው ነገር የለም።

ስለ ጨርቁ ሳነብ አለቀስኩ። በዚያ በዝናብ ጊዜ፣ ዳኛው ቀርቶብን እኛው በፉጨት ስንዳኝ፣ አምበላችን አንቺ ነሽ ብለን የመረጥንሽ እኛ ነን፤ ማንም አልሰጠሽም። ሆኖም እህቴ፣ ለጊዜው ዝም ብትዪ ይሻላል ብዬ አስባለሁ። ለልጆቹ ብለሽ። ለማሚቴ ብለሽ። ሁሉ ነገር ቀን አለው፤ ጣሪያ የሚቆመው ምሰሶው ዝም ሲል ነው። ወር ምን አላት? ታልፋለች። ጽሕፈት ቤቱንም ቢሆን ለጥቂት ጊዜ እሺ ብትያቸው ምናለ?

አትቆጪኝ። እወድሻለሁ።

ሩቲ


ሀይሌ ጋርመንት፣ መስከረም 21 ቀን 2018

ሩቲ፣

ጣሪያ የሚቆመው ምሰሶው ዝም ሲል ነው።

አልጽፈውም ያልኩሽ አባባል ይህ ነው። ኮች ቦርሳዬን ይዞ ሲሸኘኝ፣ ታክሲ ተራው ጋ ስንደርስ፣ ለእኔ ብቻ የተናገረው። ሌላ ሰው አልሰማውም፤ እኔም ለማንም አልነገርኩም። ታዲያ ሆሳዕና ድረስ በምን ሄደ? ስልክሽ ባትሪ የሚይዘው ለፊሊጶስ ሲሆን ነው?

ይህን ጽፌ ወረቀቱን ሁለት ቀን አስቀመጥኩት። ቁጣዬ ቢበርድ ብዬ ነበር፤ አልበረደም። ስለዚህ የሆነውን ልንገርሽና ከዚያ ወደ አንቺ እመለሳለሁ።

ማክሰኞ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ልጅ ገባች። የውስጡን ነጭ መጋረጃ እየነካች ሜትሩ ስንት ነው አለች። ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝና «አንቺ በረኛዋ ነሽ አይደል?» አለች።

«በረኛ አይደለሁም።»

«ገብቶኛል። እኔም የናንተ አይደለሁም።»

ሰባት ቁጥር ናት። ስሟ አክሱማዊት ነው። ሰው ነግሯት ከአለም ገና መጥታ የራሷን ፎቶ አጥራችን ላይ አይታዋለች። እግሯ ደህና ነው፣ አንድም ቀን አልታመመችም። ፊሊጶስ ለአንድ ጊዜ እንኳ ደውሎላት አያውቅም፤ «እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔ ማሊያችሁን መልሼ ነው የሄድኩት» አለች። አሰልጣኛቸው ባነሩን ሲሰማ ከኛ ጋር በድብቅ ተዋውላ መስሎት ከልምምድ አስወጥቷታል። ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ቤት ተቀምጣ የወንድሟን ልጅ ትይዛለች። የኔ ጨርቅ ለሷ ተብሎ ተፈትቶ እሷ ደግሞ ከራሷ ቡድን ተባረረች። ከሁለታችን ማን እንደከሰረ ልንገምት ሞከርንና ተውነው።

ስትወጣ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? «ያን ዕለት ሰውዬው ሲያጨበጭቡልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እኛ ጋ ማንም አያጨበጭብም።»

ወር ምን አላት ብለሽኛል። ይኸው ወር እንዲህ አላት። ሰው ትበላለች።

አሁን ወደ አንቺ። አጎቴን ተናገር ብዬ አልጨቀጨቅሁትም፤ ቁርኣን ያዝ ልለው አስቤ አፈርኩ። ግን ደብዳቤዬን ለመቀበል ድሮ እስከ መኪናው ድረስ ትመጪ ነበር፤ አሁን ግቢ ድረስ ገብቶ ቁጭ ባልሽበት ይሰጥሻል። ይህን ያወጣው ሳያስበው ነው፤ ስለ እናትሽ ቆጮ ሲያወራ። ስለዚህ እጠይቅሻለሁ፣ እንደ እህት ሳይሆን እንደ አምበል፤ ጨርቁ ኪስ ውስጥ ቢሆንም። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ፊሊጶስስ ምን ሰጠሽ?

መርዋ


ሆሳዕና፣ መስከረም 28 ቀን 2018

መርዋ፣

ሰላምታ ለመጻፍ አፈርኩ፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ልጀምር።

በዱላ ነው የምሄደው። አዲስ አበባ ያየኝ ሐኪም በኦፕራሲዮን ካልሆነ አይድንም ብሎኝ ነበር፤ ለማንም አልነገርኩም። አባዬ ወጌሻ ጋ ወሰደኝ። የታወቀ ሰውዬ ነው፤ የስንቱን እጅና እግር መልሷል። የኔን ጉልበት ሲነካው ግን አጥንት አይደለም የተበላሸው ልጄ፣ ውስጡ ነው፣ እኔ አልችለውም፣ ሐኪም ቤት ውሰዷት አለ። አባዬ አልሰማ አለው። ሌላ ወጌሻ ጋ ሄድን፤ ያኛው አሸው። ከዚያ በኋላ አበጠ፣ እስካሁን አልጎደለም። እማዬ ማታ ማታ ትጸልይበታለች። እኔም እጸልያለሁ። ለሰው ስናገር ግን ደህና ነው እላለሁ፤ ደህና ነው ካልኩ ደህና የሚሆን ይመስለኛል።

ኮች በየሳምንቱ ይደውላል። መጀመሪያ ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ፣ እየተሻለኝ ነው አልኩት። ከዚያ ስላንቺ ነገረኝ። አንቺን ብቻ ነው የምትሰማው፣ ምከሪያት አለኝ። ቦታሽን ለማንም አልሰጥም፣ ለኮሚቴው ከነገርኳቸው ሃያ ልጆች አንዷ አንቺ ነሽ፣ ድነሽ እስክትመጪ ድረስ ስምሽ አይነሳም አለኝ። ሌላ ምንም አልሰጠኝም። አንድ ብር እንኳ አልሰጠኝም። ስሜን ነው የሰጠኝ።

እወቂው፣ ከሃያዎቹ አንዷ እኔ ነኝ። ውሸት ነው የምትዪው ቁጥር ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ። አንቺ እውነቱን ስትናገሪ እኔን ነው የምትሰርዢው። እዚህ ቁጭ ብዬ ሰው ሲጠይቀኝ በረኛ ነኝ፣ አዲስ አበባ ክለብ አለኝ እላለሁ። ካልተቆጠርኩ ምንድን ነኝ?

ስልክሽን የማላነሳው ድምፅሽን ከሰማሁ ሁሉን ስለምነግርሽ ነው።

አልፈርድብሽም። እንደፈለግሽ አድርጊ። ግን ከማድረግሽ በፊት ንገሪኝ፤ ከሌላ ሰው እንዳልሰማ።

ሩቲ


ሀይሌ ጋርመንት፣ ጥቅምት 5 ቀን 2018

ሩቲዬ፣

ከማድረግሽ በፊት ንገሪኝ ብለሽ ነበር። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዓርብ ማታ ነው፣ ጨዋታው ቅዳሜ ጠዋት። ደወልኩልሽ፣ አላነሳሽም። ይቅርታ። አጎቴን ሳይቀር ጠይቀሽው፣ እሱም «እሷው ትጽፍልሻለች» ብሎ አልፎሻል አሉ። ይኸው ጻፍኩ።

ተጋጣሚያችን እንደገና አለም ገና ነበር። ከሊጉ በፊት የመጨረሻው የአቋም መለኪያ ነው፤ ጋሽ ተካ ሌሎቹን የኮሚቴ ሰዎች ይዘው መጥተዋል። እዚያው ባሕር ዛፍ ስር፣ እዚያው ግቤ ጀርባ። ኮች ጠዋት ሁለት ልጅ ተውሷል። አክሱማዊትም ነበረች፤ ከሳምንት በፊት አሰልጣኛቸው ዘንድ ሄጄ የሆነውን ነግሬው መልሷታል። ያን ዕለት ግን የራሷን ማሊያ ለብሳ፣ በራሷ ወገን ቆማ ነበር የምታሟሙቀው። ጋሽ ተካ አዩዋት። «ልጃችን ምነው የነሱን ልብስ አደረገች?» አሉ። ኮች የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ።

እኔ ጓንትሽን እያጠለቅሁ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለምንም ነገር እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ማሚቴን ብቻ ነበር የማየው። ሌሊቱን ከሁሉም ጋር በስልክ ተነጋግረናል። ቡድኑ ሊፈርስ ይችላል፣ እወቁት ብያቸዋለሁ። ማሚቴ ናት የቋጨችው። «ከፈረሰ ዘጠኝ ሆነን ይፍረስ፤ ሃያ ሆነን የፈረስን እንደሆነ አስራ አንዱን የት እናገኛቸዋለን ልናስተዛዝን?» አለች።

ሄድኩና ፊታቸው ቆምኩ።

«ጋሽ ተካ፣ ሰባት ቁጥር የኛ አይደለችም። ያን ዕለት ተውሰናት ነው። ስሟ አክሱማዊት ነው፣ አልታመመችም፣ ባነር ላይ ስትሰቅሏት ማንም አልጠየቃትም።»

«ዲግሪ ያለሽ በረኛ አንቺ አይደለሽ?»

«በረኛ አይደለሁም። ኅዳር ላይ ሁለት ዓመት የሚሞላኝ አምበል ነኝ። ግብ ውስጥ የቆምኩት ሰው ስለሌለ ነው። ዓይኔን እንደምጨፍንም ሰምቻለሁ።»

ከኮሚቴው አንዱ ሳል ያዘው። ጋሽ ተካ ወደ ፊሊጶስ ዞሩ፣ ፊሊጶስ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሺ፣ ስንት ናችሁ?» አሉኝ።

ይህንን ነው ልነግርሽ የፈለግሁት። «ዘጠኝ ነን» አልኳቸው። «አስረኛዋ በረኛችን ናት፣ ሩቲ። በኛ ማሊያ ተጫውታ ነው ጉልበቷ የተጎዳው፤ አገሯ ገብታ በዱላ ትሄዳለች፣ ከዚህ ኮሚቴ አንድ ሰው ደውሎ እንዴት ነሽ ያላት የለም። ስትቆጥሩን እሷንም ቁጠሩ፤ እንደምትጫወት አድርጋችሁ ግን አትቁጠሯት። ታማለች።»

አልሰረዝኩሽም። ካልተቆጠርኩ ምንድን ነኝ ብለሽ ነበር፤ ተቆጥረሻል። በትክክለኛው ቦታ።

የተዋስናቸውን ሁለት ልጆች አመስግነን መለስናቸው። ዘጠኝ ሆነን ገባን። ዳኛው ሁለቴ ቆጠረን። ሁለት ለባዶ ተሸነፍን፤ ሁለቱንም ያገባችው አክሱማዊት ናት። ሁለተኛውን ስትመታ ወገቧን እያየሁ ነበር፣ ዓይኔ ተከፍቶ ነበር፣ የምትመታበትን አውቄ ወደዚያው ወደቅሁ፤ አልደረስኩበትም እንጂ። አቅፋ አነሳችኝ። ከጀርባዬ ጭብጨባ የሰማሁ መሰለኝ። ለማን እንደሆነ ዞሬ አላየሁም።

ጋሽ ተካ ምን እንደሚወስኑ አናውቅም። ሲያልቅ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ። ሐሙስ ስብሰባ አለ ተብሏል። ባነሩ ወርዷል፤ ማን እንዳወረደው የሚናገር የለም፣ ግን ማሚቴ ቤት ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ አዲስ ሸራ ተወጥሯል ይባላል። ቡድኑ ሊበተን ይችላል ሩቲ። ለማሚቴ ሽማግሌ እንዳይገባ እኔ ራሴ ቤታቸው ሄጄ አባቷን አነጋግሬአለሁ፤ «እስከ ሐሙስ» አሉኝ። ሁሉም ሰው ሐሙስን ይጠብቃል።

ኮች ከጨዋታው በኋላ ልጆቹ ልብስ ሲቀይሩ ብቻዬን ጠራኝ። ጨርቁን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋልኝ። «በይ እሰሪው፣ አሸንፈሻል» አለ። አልተቀበልኩትም። «በሰው ፊት ነው የፈታኸው ኮች፣ በሰው ፊት እሰረው» አልኩት። መልሶ ኪሱ ከተተው። አሁንም እዚያው ነው።

አንቺን ግን አልተቆጣሁሽም። ተቆጥቼ ነበር፣ አለፈልኝ። በሚመጣው ሳምንት አጎቴ ሲመለስ ጋቢናውን ላንቺ ባዶ ያደርገዋል፤ ተስማምተናል፣ እግርሽን የምትዘረጊበት ትራስም እናቴ ሰጥታለች። እኛ ቤት ታርፊያለሽ። ያ ሐኪም ያለውን እንደገና እንስማና ኮሚቴውን ሁለታችን ፊት ለፊት እንጠይቃለን፤ የተጎዳሽው እነሱ ሜዳ ላይ ነው። አባትሽን አጎቴ ያነጋግራቸዋል፤ ሁለቱ ስለ በሬ ሲያወሩ ይግባባሉ። ከተመቸሽ ወንበር ግቤ ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ ስር አወጣልሻለሁ፤ ዓይኔን ስጨፍን ትጮኺብኛለሽ።

መምጣት ካቃተሽም ጻፊልኝ። አመመኝ በዪ፣ ፈራሁ በዪ፣ አልመጣም በዪ፣ ስደቢኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ። ሰው ያዋሰሽን አፍ ለብሰሽ እንድትመክሪኝ ግን ከእንግዲህ አልፈቅድም፤ ለቡድኑ ስትዪ ዝም በይ የሚለኝን ኮችም ይሁን አንቺ አልሰማም። ተምረሻልና ውጪ የሚለኝንም አልሰማም። ካንቺ ደግሞ ከሁሉ በላይ አንድ ነገር አልቀበልም፤ ደህና ነኝ የሚል ደብዳቤ።

መርዋ